የላላው መሪ

አባቴ የጂፑን ቁልፍ የሰጡኝ፣ ዓይናቸው ከእንግዲህ ለመንዳት እንደማይበቃ በተነገራቸው ማግስት ነው። እስራኤል፣ ሃይፋ አጠገብ ክርያት ያም ባለው ቤታቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሐኪሙ የጻፈውን ወረቀት አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱና ቁልፉን ከቀበቷቸው ፈትተው እጄ ላይ አስቀመጡት።

«እኔ ብቆም እሱ መቆም የለበትም» አሉ።

ጂፑ አሮጌ ነው። እኔ ወታደር ሳለሁ ነው የገዙት፤ ያኔም ሁለተኛ እጅ ነበር። ከእሳቸው በፊት የነዳው ሰው ለድንጋይና ለጭቃ እንዲመቸው ብሎ የመኪናውን ሞላዎች በረጃጅም ቀይሮ ከፍ አድርጎታል። አባቴ ጎንደር እያሉ በጭነት መኪና መጀመሪያ ረዳት፣ ኋላ ሹፌር ነበሩ። እዚህ ከመጡ በኋላ ግን ሃይፋ ወደብ አጠገብ ባለ ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ ማንሻ መኪና ሲነዱ ነው ጡረታ የወጡት። ቀኑን ሙሉ በአንድ መጋዘን ውስጥ ወዲህና ወዲያ። ጂፑን የገዙት ለዚያ ይመስለኛል፤ የሚወጣና የሚወርድ መንገድ ናፍቋቸው።

ቁልፉን ከተቀበልኩ ጀምሮ ዓርብ ዓርብ ጠዋት፣ ሰንበት ሳይገባ፣ ከክርያት ያም እወስዳቸውና ካርሜል ተራራ ላይ እንወጣለን። ጥድ ስር ወንበር ዘርግተን እንቀመጣለን፤ እሳቸው ነፋሱን ያዳምጣሉ፣ እኔ የሳምንቱን ወሬ እነግራቸዋለሁ። ሥራዬ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ከቀዶ ሕክምና ወይም ከመውደቅ በኋላ እንደገና መራመድ የሚማሩበት ክፍል ውስጥ ነው። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ስለዚህ ወሬ አላጣም።

ቁልፉን በተቀበልኩ በዓመቱ፣ ክረምት መጀመሪያ ላይ፣ ጂፑ መንገድ መሳት ጀመረ። መጀመሪያ ነፋሱ መሰለኝ። ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ወደ ቀኝ ጥቂት ያዘነብላል፤ ሳቃናው ወደ ግራ ያልፋል። መሪውን ትንሽ አዞራለሁ፤ ምንም። ጨመር አደርጋለሁ፤ አሁንም ምንም። ከዚያ መኪናው የረሳው ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ድንገት ዘወር ይላል። ለአባቴ አልነገርኳቸውም። ለታናሽ ወንድሜም አልነገርኩም፤ እሱ ምን እንደሚል አውቀው ነበርና።

አንድ ዓርብ ዝናብ አባርቶ ነበር። ከተራራው ወደ ባሕሩ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ ጠመዝማዛው ጋ ስንደርስ፣ ከጎን ነፋስ መጣና ጂፑ እኔን ሳይጠይቅ ወደ ግራ ሄደ። በግራችን አውቶቡስ እየወጣ ነበር። መሪውን በሙሉ ኃይሌ ወደ ቀኝ ጎተትኩት።

«አትታገዪው!» አሉ አባቴ። «እጅሽን አላላ አድርጊ፣ እግርሽን ከነዳጁ አንሺ።»

እግሬን አነሳሁ። አውቶቡሱ ጡሩምባውን እያስጮኸ በጎናችን አለፈ። መንገድ ዳር አቆምኩና ሁለት እጆቼን ጭኔ ላይ አኖርኩ።

አባቴ ጠየቁኝ፤ «መቼ ነው የጀመረው?»

«ምኑ?»

«ልጄ፣ የደከመው ዓይኔ ነው። መቀመጫዬ አልደከመም። መኪና የሚታወቀው በመቀመጫ ነው። ሦስት ሳምንት ሆኖታል አይደል?»

«አራት» አልኳቸው። «እንዳያዝኑ ብዬ ነው፣ አባባ።»

«እሱን ተይው። አሁን ቀስ ብለሽ አውርጂን። ከዚያ በሽታውን እንፈልጋለን።»

በማግስቱ ምሽት፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ፣ ወንድሜ መጣ። እዚህ የተወለደ ነው፤ አማርኛው ውስጥ ዕብራይስጡ ይበዛል፣ አባታችንንም አንተ ነው የሚላቸው። እሳቸው ለምደውታል፤ እኔ ግን ዛሬም ይከብደኛል። የሆነውን ስነግረው ስልኩን አስቀመጠ።

«ዲ! በቃ!» አለ። «አባ፣ ይህ ጂፕ አርጅቷል። እኔን ብትሰማኝ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ እንስጠው። እሷን ሊገድላት ነበር እኮ።»

«አርጅቷል ማለት ምርመራ አይደለም» አሉ አባቴ።

ይህን ቃል ከሳቸው አፍ ስሰማ የሆነ ነገር ልቤን ነካኝ። እኔ በየቀኑ ከሐኪሞች የምሰማው ተቃራኒውን ነው። ወገባቸው አልታጠፍ ያላቸው፣ እግራቸው የከዳቸው ሰዎች ወደኔ የሚመጡት «ዕድሜ ነው» ተብለው ነው። ግማሾቹ ዕድሜ ሳይሆን ስም ያለው፣ መድኃኒትም ያለው ሕመም ነው ያለባቸው፤ ማንም ሳይፈልግላቸው ቀርቶ ነው እንጂ።

«የዓመቱ ምርመራ፣ ቴስቱ፣ መቼ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ከሁለት ወር በኋላ» አለ ወንድሜ።

«እስከዚያ ስጡኝ። ካላገኘሁት አንተ እንዳልከው እናደርጋለን።»

«ቤሰደር» አለ፤ እሺ ማለቱ ነው። ግን አባታችንን ዓርብ ላይ በሱ መኪና እንጂ በጂፑ እንደማላወጣቸው አስማለኝ። ማልኩለት። ልክ ነበረ።

መጀመሪያ የወሰድኩት እዚያው ሰፈር አቅራቢያ ወዳለ ጋራዥ ነው። መካኒኩ ወሬዬን በግማሽ ጆሮ ሰማና ጂፑን በማንሻው ወደ ላይ ሰቀለው። አራቱ ጎማዎች አየር ላይ ተንጠለጠሉ። ጎማዎቹን በእጁ እየያዘ ነቀነቃቸው፣ ከሥር በብረት ዘንግ ፈለቀቀ፣ አንገቱን ነቀነቀ። የመሪውን ዘንጎች ከጎማው ጋር የሚያገናኙትን ክብ መገጣጠሚያዎች ቀየረ፤ አባቴ «ቴስቲና» የሚሏቸውን። ነዳሁት። ምንም ለውጥ የለም። በሳምንቱ ተመለስኩ፤ አሁንም ሰቀለውና የመሪውን መንቀጥቀጥ የሚያበርደውን ረጅም ቱቦ ቀየረው። ሁለት ቀን የተሻለ መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን ወደነበረበት ተመለሰ።

ለሦስተኛ ጊዜ ስመጣ መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ስሚ፣ የድሮ ጂፕ እንዲህ ነው የሚነዳው። ከፈለግሽ የመሪውን ሳጥን፣ ጥርሶቹ ያሉበትን፣ ላጥብቅልሽ» አለኝ።

አባቴ ከጎኔ ነበሩ። የተባለውን ተረጎምኩላቸው፤ ዕብራይስጥ ይሰማሉ፣ የጋራዥ ዕብራይስጥ ግን ያመልጣቸዋል።

«አይንካው በይው» አሉ። «ሳጥኑን ማጥበቅ በሽታውን መደበቅ ነው። ያልታመመውን አጥብቀን ደግሞ እናሳምመዋለን።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሴ ያዝኩት። ስለ መኪና የማውቀው ነዳጅ መሙላትና ውሃ ማየት ነበር፤ ስለ ምርመራ ግን አውቃለሁ። ምርመራ ከቀላሉ ነው የሚጀመረው። የጎማዎቹን ነፋስ ለካሁ፤ የፊት ቀኙ ከግራው በጣም ጎድሎ ነበር። አስተካከልኩት፤ ወደ አንድ ጎን ማዘንበሉ ቀነሰ፣ መዋለሉ ግን አለ። ቀጥሎ መሪው ላይ ነጭ ፕላስተር ለጠፍኩና ጎማው መንቀሳቀስ እስኪጀምር መሪው ምን ያህል እንደሚዞር በጣቴ ለካሁ። ሦስት ጣት። ሦስት ጣት ያህል የማዞረው ነገር የሆነ ቦታ ይጠፋል ማለት ነው። የት እንደሚጠፋ ነው እንጂ የማላውቀው፣ መጥፋቱን አሁን በቁጥር ይዤዋለሁ። ያ ራሱ አበረታኝ።

መልሱ የመጣልኝ ሥራ ቦታ ነው። ከክርያት ቢያሊክ የመጡ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ይወድቃሉ፣ ለምን እንደሚወድቁ የነገራቸው የለም። አልጋ ላይ አስተኝቼ ዳሌያቸውን፣ ጉልበታቸውን፣ ቁርጭምጭሚታቸውን አንቀሳቀስኩ። ሁሉም ደህና። የራጅ ፎቶውም ደህና ነው ይላል። ከዚያ እጃቸውን ይዤ አቆምኳቸውና ክብደታቸውን በግራ እግራቸው ላይ እንዲያሳርፉ ነገርኳቸው። ዳሌያቸው ወዲያው ወደ ጎን ተንሸራተተ።

«አየሽ?» አሉኝ። «ሁልጊዜ አስተኝተው ነው የሚያዩኝ። እኔ ስተኛ መች እወድቃለሁ!»

እጃቸውን እንደያዝኩ ቀረሁ። መካኒኩ ጂፑን ሁሌም ሰቅሎ ነው ያየው። ጎማዎቹ ተንጠልጥለው፣ ክብደት ሳይኖርባቸው። መሬት ላይ በእግሩ ቆሞ ያየው ማንም የለም።

በዕረፍት ቀኔ ጠዋት ክርያት ያም ሄድኩና ጂፑን ከሕንፃው ጀርባ ካለው ሜዳ ላይ አቆምኩት። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፣ ከጎማዎቹ ፊትና ኋላ ድንጋይ አስገባሁ፣ ካርቶን መሬት ላይ ዘረጋሁ። አባቴን በክንዳቸው ይዤ የሹፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። መሪውን ሲይዙ ትከሻቸው ቀጥ አለ። እዚያ ቦታ ከተቀመጡ ከዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር።

«ሞተሩን ያስነሱና ጥቂት ብቻ ወደ ቀኝ፣ ጥቂት ወደ ግራ ያዙሩ» አልኳቸውና ከሥር ገባሁ።

አዞሩ። እኔ በስልኬ መብራት አየሁ። ሁሉም ነገር ይንቀሳቀሳል። ዘንጉ ይሄዳል፣ ጎማው ይታጠፋል፣ ጭቃ ዓይኔ ላይ ይራገፋል። የቱ እንዲንቀሳቀስ የተሠራ እንደሆነ፣ የቱ ቆሞ መቅረት እንዳለበት አላውቅም። ሩብ ሰዓት ያህል አፍጥጬ ወጣሁ።

«ምንም አይታየኝም፣ አባባ።»

«እኔም አይታየኝም» አሉና ሳቁ። «በይ ቦታ እንለዋወጥ።»

«ኧረ አይሆንም! ጉልበትዎ! ልብስዎስ?»

«ልብስ ይታጠባል። ጉልበቴን ደግሞ አንቺ ታውቂበታለሽ።»

አውቅበታለሁ። ስንቱን ሰው መሬት አስቀምጬ አንስቻለሁ። በአንድ ጉልበት አንበረከክኳቸው፣ እጃቸውን ካርቶኑ ላይ አስደገፍኩ፣ በጎናቸው አስተኛኋቸውና ቀስ ብዬ አንገታቸው ስር የታጠፈ ጃኬቴን አደረግሁ። ራሳቸው እየተንፏቀቁ ገቡ። ከላይ መስኮት ላይ አንዲት ጎረቤት «ምን እያደረጋችኋቸው ነው?» ብላ ጮኸች። «ሥራ ላይ ናቸው!» አልኳት።

መሪውን ያዝኩ። ከሥር ድምፃቸው ይመጣል።

«ወደ ቀኝ... ግራ... ተይ። ይሄ ደህና ነው።» ቀጥሎ ወደ ሌላው መገጣጠሚያ። «ቀኝ... ግራ። ይሄም ደህና፤ አዲሱ ነው።» ድምፃቸው የጡረተኛ ድምፅ አልነበረም። ሰው የሚያዝ፣ ሥራ የሚያውቅ ድምፅ ነበር። መሪው ሳጥን ላይ ደረሱ፣ የመኪናው አጽም በሆነው ሻሲ ላይ የታሰረበትን ዳሰሱ፤ ደህና ነው። ከዚያ የፊት አክሱ፣ ሁለቱ የፊት ጎማዎች የታሰሩበት ብረት፣ ወደ ጎን እንዳይሸሽ ከሻሲው ጋር የሚይዘው አንድ ረጅም ዘንግ አለ፤ ወደሱ ሄዱ።

«ቀኝ» አሉ። ዘንጉን መታ መታ ሲያደርጉ ሰማሁ። «ግራ።» እንደገና መታ መታ። «እንደገና። ቀስ ብለሽ።»

አዞርኩ።

«እዚህ ነው» አሉ። «ልጄ፣ እዚህ ነው! ቡሎኑ በቀዳዳው ውስጥ ይሄዳል። አንቺ መሪውን ስታዞሪ ጎማው ከመታጠፉ በፊት መጀመሪያ አክሱ ወደ ጎን ይራመዳል። ነይ እጅሽን አምጪ።»

ሞተሩን እንደተነሳ ትቼ በሆዴ ተኛሁ፤ እጄን ይዘው ቡሎኑ ላይ አኖሩት። ላዩ ላይ ጠብቋል፤ ማንም በቁልፍ ቢሞክረው «ጥብቅ ነው» ይላል። ግን ሰው መሪውን ሲያዞር ይራመዳል። ያንን ለማየት የጥፍር ቀለሜን ከቦርሳዬ አወጣሁና ከቡሎኑ ራስ ተነስቼ እስከ ሻሲው ብረት ድረስ አንድ ቀጥ ያለ ቀይ መስመር ሳልኩ። ሲደርቅ አባቴን አስነስቼ መሪው ጋ መለስኳቸው፤ እኔ ከሥር ሆኜ በስልኬ ቀረጽኩ። ሲያዞሩ ቀዩ መስመር ለሁለት ተከፈለ፤ ሲመልሱ ገጠመ። ሲያዞሩ ተከፈለ።

ከሥር ሆኜ ጮህኩ። ምን ብዬ እንደሆነ አላስታውስም።

ቪዲዮውን ይዤ ቲራት ካርሜል ኢንዱስትሪ ሰፈር ውስጥ ወዳለ ሌላ መካኒክ ሄድን፣ እኔ በጂፑ፣ አባቴ በታክሲ፤ መካኒኩ ከሩስያ የመጣ፣ ፂሙ የሸበተ ሰው ነው። ሰላም ብሎን ወዲያው ጂፑን ወደ ማንሻው ሊያስገባ ጀመረ።

«አይሰቀል» አልኩት። «መሬት ላይ ቆሞ ነው የሚታየው።»

«ስንት ዓመት ነው መካኒክ የሆንሽው?» አለኝ።

«መካኒክ አይደለሁም። ግን ሰው ሲቆም ብቻ የሚያመው እንደሆነ፣ አስተኝተው አያገኙትም።»

ስልኩን ሰጠሁት። አንድ ጊዜ አየው፣ ሁለተኛም አየው። ከዚያ ከሥር ገባ፤ እኔ መሪውን አዞርኩለት። ሲወጣ ፊቱ ተቀይሮ ነበር። «ቀዳዳው ሰፍቶ እንቁላል ሆኗል» አለ። «ማን ነው ያገኘው?»

«አባቴ። በእጃቸው።»

አባቴ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። መካኒኩ ዓይናቸውን አየና ነገሩ ገባው። ቅባት የነካውን እጁን ጠርጎ እጃቸውን ጨበጠ። «እኛ አገር የድሮ ሰዎች እንዲህ ነበሩ» አላቸው፤ ይህን መተርጎም አላስፈለገም።

የሰፋውን ቀዳዳ የሚያጠነክር ወፍራም ብረት በየደ፣ ልኩ የሆነ ቀዳዳ በሳ፣ አዲስ ቡሎን አስገባ። ዳዶውን በመጨረሻ ያጠበቀው ጂፑ በአራት እግሩ ከቆመ በኋላ ነው። ለሙከራ ስነዳው መሪው መለሰልኝ። ጥቂት ሳዞር ጥቂት ይሄዳል። ከፕላስተሩ አጠገብ ጣቴን አስቀመጥኩ፤ አንድ ጣት እንኳ አልሞላም።

ግን ሥራው አላለቀም። ከመታጠፊያ ስወጣ መሪውን ለቀቅ ባደርገው ወደ መሐሉ መመለስ አለበት፤ አልተመለሰም። ባለበት ይቀራል። ለወንድሜ ስነግረው «እኅቴ፣ ሄዶልሻል፣ ቴስቱን ያልፋል፣ ምን ፈለግሽ?» አለኝ።

«ማለፉን ብቻ አይደለም የፈለግሁት» አልኩት። «አባባን ላስቀምጥበት ነው።»

«እኔ እመጣለሁ» አለ፣ እና በማግስቱ ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ መጣ። የጎማዎቹን አቋም በመሣሪያ ወደሚለኩበት ቦታ አብረን ሄድን። ወረቀቱ ላይ ነገሩ ተጻፈ፤ የድሮው ባለቤት መኪናውን ከፍ ሲያደርገው የፊት አክሱ ጥቂት ዞሮ ቀርቷል፤ ጎማዎቹ በተፈጥሯቸው ወደ ቀጥታ የሚመልሳቸውን ዘንበል ማለት አጥተዋል። ለዓመታት እንዲያ ነበር፤ አባቴ በለመደ እጃቸው እያረሙት ነድተውታል። ቡሎኑ ሲላላ ግን ሁለቱ በሽታዎች ተገናኙ። አክሱን የሚያስተካክሉ ልዩ የጎማ ቀለበቶች፣ ቡሾች የሚባሉት፣ ከደቡብ እስኪመጡ ሁለት ሳምንት ጠበቅን። ወንድሜ በየቀኑ እየደወለ ይጠይቀኝ ነበር፤ ደረሰ? አልደረሰም? ለቁርጥራጭ ይሰጥ ያለው እሱ ነበር። ቡሾቹ ሲገጠሙ መሪው ለቀቅ ሳደርገው በራሱ ወደ መሐሉ ተመለሰ።

ቴስቱ ላይ መርማሪው ጎማዎቹን ነቀነቀ፣ ከሥር ሆኖ አየ፣ ፍሬኑን ሞከረና የሚለጠፈውን ወረቀት ሰጠኝ። ምንም አላለም። እንዲናገር ጠብቄ ነበር ልበል? እኔ እዚያ ለመቆም ያለፍኩትን እሱ አያውቅም። ጥሩ ምርመራ ሲያልቅ እንዲህ ነው፤ ሰውየው ተነስቶ ይሄዳል፣ ማንም አያጨበጭብለትም።

በዚያው ሳምንት ዓርብ፣ መሐላዬ ተፈቶልኝ፣ አባቴን በጂፑ ካርሜል አወጣኋቸው። ስንወርድ የባሕሩ ነፋስ ከጎን መጣብን። ጂፑ ጥቂት ተወዛወዘና መንገዱን ይዞ ቀጠለ። አባቴ መቀመጫቸው ላይ ዘና ብለው ነበር።

ታችኛው የትራፊክ መብራት ላይ ቆመን ሳለ ነው ነገሩን ያነሱት። ማዘጋጃ ቤቱ ዓይናቸው ለደከመ ሰዎች በበትር መንገድ መሄድ የሚያስተምርበት ክፍል አለ። ዓመት ሙሉ ለምኛቸው «እኔ በትር ይዤ ገበያ ለገበያ አልዞርም» እያሉ እምቢ ብለውኝ ነበር። ያን ቀን ግን መብራቱ ቀይ ሆኖ ሳለ ፊታቸውን ወደኔ አዞሩ።

«ያ ትምህርት ቤት፣ እሑድ ነው ያልሽኝ?»

«እሑድና ማክሰኞ ነው፣ አባባ።»

«እሑድ ውሰጂኝ። መምህሩ ግን ቁጭ ብዬ እንዳያስተምረኝ ንገሪው። ቆሜ ነው የምማረው።»

እሑድ ጠዋት ወሰድኳቸው። የመጀመሪያውን ትምህርት መንገድ ላይ ነው የጀመሩት፤ መምህርቷ በሩ ድረስ መጥታ ነጩን በትር ሰጠቻቸውና አሥር እርምጃ ወደ ፊት እንዲሄዱ ነገረቻቸው። አሥራ ሁለት ሄዱ።